ያልተሰማው ምስክር

ዋሺንግተን ዲ.ሲ.፣ ጁላይ 1922። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጄምስ አልፎንሶ ፍራይ የሚባል ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ በነፍስ ግድያ ተከሶ ችሎት ቆሟል። ሟቹ ሮበርት ብራውን ይባላሉ፤ በከተማዋ ጥቁሮች ዘንድ የታወቁና የተከበሩ ሐኪም ነበሩ። በ1920 ኖቬምበር ወር ላይ በጥይት ተገደሉና ገዳያቸው ለረዥም ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ። በተከታዩ ዓመት ፖሊስ ፍራይን በሌላ የዘረፋ ወንጀል ጠርጥሮ ያዘው። ፍራይ በምርመራ ላይ ሳለ ዶክተሩን የገደልኩት እኔ ነኝ ሲል የእምነት ቃሉን ሰጠ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ቃሉን አጠፈ። ያመንኩት መርማሪው ከሽልማቱ ገንዘብ ሊያካፍለኝና የዘረፋውን ክስ ሊያስቀርልኝ ቃል ስለገባልኝ ነው እንጂ እኔስ ሰው አልገደልኩም አለ።

ዓቃቤ ሕጉ በእጁ የእምነት ቃል ይዟል። ተከሳሹ የያዘው "አልገደልኩም" የሚል ባዶ ቃል ነው። በነጮች ችሎት ፊት የቆመ፣ ገንዘብም ዘመድም የሌለው ጥቁር ወጣት ቃሉን ካጠፈ በኋላ ማን ያምነዋል? ወጣቶቹ ጠበቆቹ ግን አንድ ሰው ትዝ አላቸው፤ ራሳቸውን ያስተማራቸውን ሰው።

ዊልያም ሞልተን ማርስተን ይባላል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግም ሥነ ልቦናም የተማረ፣ አእምሮው ፈጣን፣ ምላሱም ከአእምሮው የማያንስ ሰው ነበር። ገና ተማሪ ሳለ በ1915 ግድም አንድ ነገር አስተውሏል፤ ሰው ሲዋሽ የደም ግፊቱ ከፍ ይላል የሚል። እኛ "አፉ ሌላ ልቡ ሌላ" የምንለውን ነገር ማርስተን በሐኪም ቤት የደም ግፊት መለኪያ ልስፈረው ብሎ ተነሣ ማለት ነው። በ1922 ዋሺንግተን በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበርና ጥሪው ሲደርሰው አላመነታም። በጁን ወር ፍራይ ወደታሰረበት ወኅኒ ቤት ሄደ፤ የእስረኛውን ክንድ በመለኪያው ጠምጥሞ ስለዚያች የግድያ ሌሊት እየጠየቀ ግፊቱን መዘገበ። ሲጨርስም ይህ ሰው እውነቱን ነው የሚናገረው፣ ሐኪሙን አልገደለም ሲል ደመደመ።

ጠበቆቹ ማርስተንን እንደ ልዩ አዋቂ አቅርበው ለጁሪው እንዲመሰክር ጠየቁ። ዳኛው ዎልተር ማኮይ አልፈቀዱም። ምርመራው እዚያው ችሎት ላይ፣ ጁሪው እያየ ይደገም የሚለውንም አልተቀበሉም። በዚያ አገር ሕግ እውነት የተናገረውንና የዋሸውን የሚለየው ከሕዝብ የተመረጠው ጁሪ ነው፤ ለዚህ ሥራ ማሽን ይሹሙልን ያለ የለም። ጁሪው ገብቶ ለመምከር አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ፍራይ በሁለተኛ ደረጃ ነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተባለና ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የተከሰሰበት የአንደኛ ደረጃ ግድያ ቢሆን ኖሮ የሚጠብቀው ሞት ነበር፤ ማርስተን ከዓመታት በኋላ ሰውየውን ከሞት ያዳነው የእኔ ምርመራ ነው እያለ ይናገር ነበር። ትሕትና ከማርስተን ጋር ተዋውቃ አታውቅም።

ልዩ አዋቂን ችሎት መጥራት ያን ጊዜም አዲስ ነገር አልነበረም። እንግሊዞች በ1782 ዌልስ ስለምትባል የኖርፎክ ወደብ ተካሰው ነበር። ወደቧ በደለል የተሞላችው በተሠራው ግድብ ምክንያት ነው ወይስ በተፈጥሮ? ይህን ለማስረዳት ታዋቂው መሐንዲስ ጆን ስሚተን ተጠራ። የግራ ቀኙ ክርክር ሎርድ ማንስፊልድ ዘንድ ሲደርስ፣ ሳይንስ የሚያውቅ ሰው በሙያው ላይ ያለውን አስተያየት ቢሰጥ ማስረጃ ይሆናል ብለው ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ከዚያም በላይ ዳኞች የሚጠይቁት በዋናው ስለ ሰውየው ነበር፤ ይህ ሰው ተምሯል? ሙያው ነው? ከሆነ ይናገር። ስለ ሳይንሱ ራሱ፣ እውነት ሳይንስ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ገና አልተለመደም። በፍራይ ጉዳይ ላይ ግን ሰውየው የተማረ መሆኑ አላጠራጠረም፤ ያጠራጠረው ያመጣው ዕውቀት ነው።

ጉዳዩ በይግባኝ ለከተማዋ የይግባኝ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጠበቆቹ ያነሡት ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፤ የማርስተን ምስክርነት ለምን ታገደ የሚል። ስለ እምነት ቃሉ አገኛኘት፣ ስለ መርማሪው ተስፋ በይግባኙ አልተከራከሩም። ሰውየውን ትተው ማሽኑን ይዘው ተከራከሩ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። በዚህ መሐል በ1923 ማርስተን ራሱ ከከሰረ ንግዱ ጋር በተያያዘ በማጭበርበር ተከሶ ተያዘ፤ ክሱ በኋላ ተነሥቶለታል። በፍርዱ ላይ ይህ ጉዳይ አልተነሣም። የማርስተን ስም እንኳ የለም፤ "ምርመራውን ያካሄደው ሳይንቲስት" ተብሎ ታልፏል።

ዲሴምበር 3 ቀን 1923 የተሰጠው ፍርድ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ጸሐፊው ዳኛ ጆሳያ ቫን ኦርስዴል ናቸው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሳይንሳዊ ግኝት ከሙከራነት አልፎ የተረጋገጠ ዕውቀት የሚሆንበትን ድንበር ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። በሁለቱ መካከል ቀንም ሌሊትም ያልሆነ ድንግዝግዝ ቦታ አለ። ፍርድ ቤት ልዩ አዋቂን የሚሰማው መነሻ ያደረገው ነገር በገዛ ሙያው ሰዎች ዘንድ አጠቃላይ ተቀባይነት ሲያገኝ ነው። የማርስተን የደም ግፊት ምርመራ ደግሞ በሥነ ልቦናና በሰውነት አሠራር ሊቃውንት ዘንድ ያን ተቀባይነት ገና አላገኘም። ይግባኙ ተሰረዘ።

"አጠቃላይ ተቀባይነት" የተባለችው ሐረግ ዳኞቹ ካሰቡላት በላይ ዕድሜ አገኘች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙም የሚጠቅሳት አልነበረም። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ፖሊስ የሰውን ድምፅ በመሣሪያ ሥሎ ማንነቱን እለያለሁ ማለት ሲጀምር፣ ሌላውም አዲስ ጥበብ ሲከተል፣ ዳኞች ያቺን የሁለት ገጽ ፍርድ ከመደርደሪያ አውርደው አቧራዋን አራገፉ። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ፍራይ ሲሉ ሰውየውን ማለታቸው አይደለም፤ ሕጉን ነው።

ሰውየውስ? ስለ እርሱ በሕግ መጻሕፍት ሲነገር የኖረ አንድ ደስ የሚል ተረት አለ። ሦስት ዓመት ታስሮ ሳለ እውነተኛው ገዳይ ተናዘዘና ፍራይ በነፃ ወጣ፣ ማሽኑም ትክክል ነበር የሚል። ተረቱ ሐሰት ነው። ሌላ ገዳይ አልተናዘዘም፤ ፍራይም በምሕረት አልተፈታም። ደጋግሞ የምሕረት ማመልከቻ ቢጽፍም ሰሚ አላገኘም። ከእስር የወጣው በ1939 በአመክሮ ነው፤ በተያዘ በ18ኛው ዓመት። ሐኪሙን ገድሏቸው እንደሆነ ዛሬም ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ማርስተን ግን ሌላ ዝና አገኘ። በ1941 ዎንደር ውማን የተባለችውን የሥዕል መጽሔት ጀግና ፈጠረ፤ በገመዷ ጠልፋ የያዘችው ሰው እውነቱን ከመናገር አያመልጥም። በፍርድ ቤት የተከለከለውን ማሽን ለልጆች በገመድ መልክ ሰጣቸው ማለት ነው።

ስለ ማሽኑ ዳኞቹ ተሳስተው ነበር ልል አልችልም። ሰው የደም ግፊቱ የሚጨምረው ሲዋሽ ብቻ አይደለም፤ ሲፈራ፣ ሲናደድ፣ ሲያፍርም ነው። ለሞት ፍርድ የሚቀርብ ሰው ደግሞ የማይፈራበት ምክንያት የለውም። የማርስተንን ፈለግ ተከትለው የመጡት የተሻሻሉ የውሸት መመርመሪያዎችም ቢሆኑ በ2003 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት መርምሯቸው የመንግሥትን ሠራተኞች ለማጣራት እንኳ የሚበቃ አስተማማኝነት እንደሌላቸው ገልጿል። ችግሩ ሌላ ነው፤ "ተቀባይነት" ሲባል የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሌባ ሻይ የሚባለውን የአባቶቻችንን ልማድ ያልሰማ የለም። ንብረት ሲሰረቅ አንድ ብላቴና አእምሮ የሚያዞር መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡን በጨርቅ ታስሮ ጎትቶ በሚይዘው ሰው ፊት እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። እንግዲህ ይህ ልማድ በሙያው ሰዎች ዘንድ ተቀባይነት ነበረው ወይ ብለን የምንጠይቀው መድኃኒቱን ቀማሚውንና ብላቴናውን የሚመራውን ከሆነ መልሱ የታወቀ ነው፤ እንዴታ!

አሜሪካኖቹም ውለው አድረው እዚሁ ጥያቄ ላይ ደረሱ። ወደዚያ የወሰዳቸው ግን የነፍስ ግድያ ሳይሆን የእርጉዝ ሴቶች ክኒን ነው። ቤንዴክቲን የተባለ መድኃኒት ከ1956 ጀምሮ በእርግዝና ወራት ማቅለሽለሽና ማስመለስ ለሚያስቸግራቸው ሴቶች ይታዘዝ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን የሚበልጡ ሴቶች ውጠውታል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ አካለ ጎዶሎ ልጆች ሲወልዱ ክኒኑን ጠረጠሩ። ክስ በክስ ላይ ሲደራረብ ኩባንያው በ1983 መድኃኒቱን ማምረት አቆመ። ዶበርት በሚባለው መዝገብ የሁለት ሕፃናት ወላጆች ሜሬል ዶው የተባለውን ኩባንያ ከሰሱ። ኩባንያው ከ30 የሚበልጡ የታተሙ ጥናቶችን፣ ከ130,000 የሚበልጡ እናቶች የተካተቱባቸውን፣ መርምሮ ጉዳት አልተገኘም የሚል ባለሙያ አቀረበ። ወላጆቹ በበኩላቸው ስምንት ባለሙያዎች አመጡ። እነዚህ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን አሳዩ፤ የታተሙትንም ጥናቶች እንደገና አስልተን ስናያቸው ክኒኑ ጎጂ ሆኖ አገኘነው አሉ። ስሌታቸው ግን በየትም አልታተመም። የበታች ፍርድ ቤቶች በፍራይ ሕግ መሠረት አንሰማችሁም አሏቸው።

ጉዳዩ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ጁን 28 ቀን 1993 ዳኛ ሃሪ ብላክመን ፍርዱን አነበቡ። በ1975 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል የማስረጃ ደንብ ስለ አጠቃላይ ተቀባይነት ምንም አይልም፤ ስለዚህ የፍራይ ሕግ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አብቅቷል። ከእንግዲህ በረኛው ዳኛው ራሱ ነው። ወደ ጁሪው የሚገባውን ሳይንስ በደጅ አቁሞ ይጠይቀው፤ አባባልህ በሙከራ ተፈትኖ ሐሰት ሆኖ ሊገኝ የሚችል ነው ወይ? ባልደረቦችህ መርምረውት ታትሟል? ምን ያህል ጊዜ ይሳሳታል? የአሠራር ደንብስ አለው? ተቀባይነቱም ቢሆን ቀርቶ አልቀረም፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ ሆነ።

መልካም ጥያቄዎች ናቸው። ግን ጠያቂው ማነው? ፕሬዚዳንቱ ዳኛ ዊልያም ሬንኲስት በከፊል የተለዩት እዚህ ላይ ነው። ዳኞችን ጀማሪ ሳይንቲስት የሚያደርግ ሥልጣን በሕጉ ውስጥ አላየሁም አሉ፤ ሐሰትነቱ ሊፈተን የሚችል የሚባለውም ምን ማለት እንደሆነ ግራ እንደገባቸው አልደበቁም። በእኔ አስተያየት ከዘጠኙ ዳኞች ሁሉ ግልጹን የተናገሩት እርሳቸው ናቸው፤ መፍትሔ ግን አላመጡም። ሳይንስ የሚያውቁት ይወስኑ ካልን የሙያ ማኅበሩ በራሱ ጉዳይ ዳኛ ይሆናል። ዳኛው ይወስን ካልን ሕግ ብቻ የተማረ ሰው ባልተማረው ይፈርዳል። ጁሪው ይወስን ካልን አንደበተ ርቱዕ የሆነው ያሸንፋል።

ወላጆቹ በዚህ ሁሉ ምን አተረፉ? መዝገቡ ወደ በታች ተመለሰና በ1995 ይኸው የይግባኝ ፍርድ ቤት በአዲሱም መስፈርት ምስክሮቻችሁ አያልፉም አላቸው። ጁሪ ፊት ሳይደርሱ ቀሩ። ያ መድኃኒት በ2013 በሌላ ስም እንደገና ተፈቅዶ ዛሬ በአሜሪካ ይታዘዛል፤ ሳይንሱ ለኩባንያው መስክሯል ማለት ይቻላል። ግን ልጅዋ እጅ ሳይኖረው ለተወለደባት እናት ይህ መልስ እንደማይሆናት ይገባኛል።

አዲሱ በረኛ በፍትሐ ብሔር ችሎት ነቅቶ ቆመ። ኩባንያ የከሰሰ ሰው ያመጣው ባለሙያ በጥንቃቄ ይፈተሻል። በወንጀል ችሎት ዓቃቤ ሕግ ያመጣው ባለሙያ ሲሆን ግን በረኛው ብዙ ጊዜ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሥቶ ያስገባ ነበር። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2009 ባወጣው ዘገባ፣ ከዘረ መል ምርመራ በስተቀር አንድን ማስረጃ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ በእርግጠኝነት ማገናኘት መቻሉ በጥብቅ የተረጋገጠ የወንጀል ምርመራ ዘዴ የለም ብሏል። ፍርድ ቤቶችም ይህን ችግር ማረም እንዳልቻሉ ጨምሮ ተናግሯል።

ፍራይ ወደተፈረደበት ከተማ እንመለስ። ዛሬ የስንቶቻችን ዘመድ ታክሲ በሚነዳባት በዋሺንግተን፣ በ1978 አንድ የታክሲ ነጂ ተዘርፎ ተገደለ። ገዳዩ ፊቱን በሴት ስቶኪንግ ሸፍኖ ነበር፤ ስቶኪንጉ ወድቆ ተገኘ፤ በውስጡም 13 ጸጉሮች ነበሩ። አንድ የ17 ዓመት ጥቁር ወጣት ተያዘ። የኤፍ.ቢ.አይ. መርማሪ ከጸጉሮቹ አንዱን በማይክሮስኮፕ ከወጣቱ ጸጉር ጋር አስተያይቶ በሁሉም ረገድ ተመሳስሏል ሲል መሰከረ። ዓቃቤ ሕጉም ጸጉሩ የሌላ ሰው የመሆን ዕድሉ ከአሥር ሚሊዮን አንድ ነው ብሎ ለጁሪው ነገረ። ይህ ቁጥር ከየትም ጥናት የመጣ አልነበረም። ወጣቱ በ1980 ተፈረደበት፤ በድምሩ 28 ዓመት ያህል በእስር ኖረ። በ2012 እነዚያ ጸጉሮች በዘረ መል ሲመረመሩ አንዱም የእርሱ ሆኖ አልተገኘም። እንዲያውም ከመካከላቸው አንዱ የውሻ ነበር።

አጠቃላይ ተቀባይነት ቢባል ጸጉር ማስተያየት ለአሥርት ዓመታት ሙሉ ነበረው፤ በጸጉር መርማሪዎች ዘንድ። ማርስተንን ከደጅ የመለሰው በር ለእነዚህ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። በ2015 ኤፍ.ቢ.አይ. ራሱ የቀድሞ ምስክርነቶቹን መርምሮ ያገኘውን ይፋ አደረገ። የጸጉር ማስረጃ ተከሳሹን ለመወንጀል በቀረበባቸው 268 የችሎት መዛግብት ውስጥ መርማሪዎቹ በ257ቱ ላይ ሳይንሱ የማይፈቅደውን ተናግረዋል። ከእነዚህ ተከሳሾች 35ቱ ሞት የተፈረደባቸው ሲሆኑ በ33ቱ ላይ ስህተት ተገኝቷል፤ ግኝቱ ሲነገር ዘጠኙ ቀድሞ ሞቱ ተፈጽሞባቸዋል። ዘጠኙም በሌላ ማስረጃ ጥፋተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ላይሆኑም ይችላሉ።

በ2023 የፌዴራሉ ደንብ እንደገና ተሻሽሎ፣ ልዩ አዋቂ የሚያቀርበው ወገን ዘዴው አስተማማኝ መሆኑ ካለመሆኑ የሚያመዝን መሆኑን ራሱ ማስረዳት አለበት ተብሎ ተጻፈ። በክፍለ ግዛቶቹ ደግሞ ሁሉም አንድ መንገድ አይሄድም፤ እንደ ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያ ያሉት የፍራይን ሕግ በየራሳቸው መልክ ይዘው ቀጥለዋል። የፍራይ ከተማ ዋሺንግተንም ከ1993 በኋላ በአካባቢ ፍርድ ቤቶቿ ሃያ ሦስት ዓመት ያህል አልለቀቀችውም ነበር። የለቀቀችው ኦክቶበር 2016 ላይ ነው፤ የእጅ ስልክ የአንጎል ዕጢ ያመጣል ወይስ አያመጣም በሚል ሞቶሮላና ሌሎች ኩባንያዎች በተከሰሱበት መዝገብ። የከተማዋ የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ተቀምጠው የ1923ቱን መስፈርት ሻሩና የፌዴራሉን ተኩ። ፍራይ በደም ግፊት ማሽኑ ያልተሰማለት ከሆነ 94 ዓመት አልፎት ነበር።